ምጣዱ፣ ማሽኑና እኔ

ዛሬ የደሞዝም የማዳምም ጣጣ ይዤ አልመጣሁም፤ የቡና ታሪክ ነው።

የምሠራበት ቤተሰብ ሥራ ቀን አቡዳቢ አፓርታማ፣ ቅዳሜና እሁድ አል ዓይን ትልቁ ቤት ነው የሚኖረው። አምና ትልቁ ልጅ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ የቡና መቁያ ማሽን ገዛ። ሆዷ ውስጥ በርሜል ይሽከረከራል፤ በአንዴ ሩብ ኪሎ ትወስዳለች። አፓርታማ ውስጥ ጭስ አይሆንም፣ አል ዓይን ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። "አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ ቡና ታውቂያለሽ" ብሎ ለእኔ ተወልኝ።

የመጀመሪያውን ከሰል አደረግኩት! ምጣድ ላይ ቡናውን እያየን እናማስላለን፣ ሲደርስ እናወርዳለን። እዚህ ግን እሳቱን ብታጠፉትም በርሜሉ እንደጋለ ስለሚቆይ መቁላቱን አያቆምም። እኔ ማጥፊያውን ተጭኜ ስኒ ላጥብ ሄድኩ፣ በቃ።

ለካ የድሮ ቆዪዎችም በዚሁ ተቃጥለዋል። አሜሪካ ውስጥ ቡናው ሲደርስ ትልቁን ሲሊንደር ራሱን ከእሳቱ ጎትተው ነበር የሚገለብጡት፤ እስኪገለበጥ ያርራል። በ1864 እ.ኤ.አ. ጄቤዝ በርንስ የሚባል ሰው ኒውዮርክ ውስጥ ሲሊንደሩ ከእሳቱ ሳይነሳ ቡናውን የሚያፈስ ማሽን ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። የእኛዋ ማሽን የፊት በርም ሥራው ያው ነው፦ ቶሎ ማፍሰስ።

በሁለተኛው ማሽኗን ባዶዋን አሙቄ 150 ግራም ብቻ ጨመርኩ። ዓይኔ ባይጠቅመኝም አፍንጫዬና ጆሮዬ ነበሩኝ። መጀመሪያ የእርጥብ ሣር ሽታ፤ ፍሬው ቢጫ ሲሆን የዳቦ ሽታ፤ ከዚያ ጠሽ፣ ጠሽ ማለት ይጀምራል። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ከጎረቤት እያወራች የምትሰማው ያ ድምፅ! የእኛ ቡና ከዚያም አልፎ ይጠቁራል። የአረቡ ግን ፈዘዝ እንዳለ ነው የሚወጣው፤ ሄልና ዘፈራኑ ቦታ እንዲያገኝ ይመስለኛል። በሩን ከፍቼ ሰፊ ወንፊት ላይ አፈሰስኩና በማራገቢያ አቀዘቀዝኩት፤ ገለፈቱ ግቢውን ሞላው።

ቡናው ከእኛ አገር ደን ተነስቶ ነው የመን የገባው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊት ለዚክር እንዲነቁ ይጠጡት ነበር። በ1511 መካ ላይ ታግዶም ያውቃል። ዛሬ ግን ኤምሬትስ ውስጥ ክብሩ የት ደርሷል መሰላችሁ? አንድ ድርሃም ሳንቲም አውጡና እዩ፣ ያለው ሥዕል ደላ ነው፤ የእነሱ ጀበና።

በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ የአረብ ቡናን በኤምሬትስ፣ በሳዑዲ፣ በኦማንና በኳታር ስም በቅርስነት መዘገበው። አቆላሉ በዝርጉ ብረት ምጣድ፣ አወቃቀጡ በሙቀጫ። ስኒው ሩብ ያህል ብቻ ይቀዳል፣ ሰው ቢያንስ አንድ ይጠጣል፣ ከሦስት አይበልጥም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አትሉም? ቅርሱን የያዙት እነማን ናቸው ሲባል ሼኾች፣ የጎሳ መሪዎች፣ አዛውንት በደዊ ወንዶችና ሴቶች፣ የቡና ነጋዴዎች ተብሎ ተጽፏል። ሴቶቹ መጠራታቸው ጥሩ ነው። ኩሽና ውስጥ የምትቆላዋ ሠራተኛ ግን የለችበትም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር ብሎኛል።

ባለፈው ዘመድ ተሰብስቦ ቡናውን ሁሉም አደነቀ። "ማን ቆላው?" ሲሉት ልጁ "ማሽኑ" አለ። ደላውን ይዤ ቆሜያለሁ እኮ!

የባባ እናት፣ ማማ ከቢራ፣ ድሮ በረሃ ላይ በእጇ ትቆላ የነበረች ናት። በጣቷ ጠራችኝና ጎንበስ ስል "ድምፁን ሳያሰማ ነው ያወጣሽው ወይስ ካሰማ በኋላ?" አለችኝ።

"ገና ሲጀምር" አልኳት።

ስኒዋን ዘረጋችልኝ።