ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ለሚያሻሽሉ የነባር ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መረጃ

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለተጠቃሚዎች ያቀረበው ዊንዶውስ 10 የተባለ ስርዓተ ክወና መደበኛና ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ነው። ከዚያ ዕለት ወዲህም ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ብዙ ተጠቃሚ ጉዳዩን ችላ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተቋረጠው አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ክፍተትን የመድፈን ሥራ በመሆኑ ጉድለቱ በዓይን አይታይም።

ጉዳቱ ምን ሊመስል እንደሚችል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያን ዕለት መሰራጨት የጀመረው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በበርካታ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይሎች ቆልፎ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ጠይቋል፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ሥራቸው ተስተጓጉሏል። ቫይረሱ የገባበትን ክፍተት የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ከተጎዱት አብዛኞቹ ማሻሻያውን ያልጫኑ ወይም ድጋፉ በተቋረጠ ስርዓት የሚሠሩ ነበሩ።

ኮምፒውተሩ ብቁ መሆኑን ማረጋገጥ

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ መጠን፣ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር እንዲሁም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተመረቱ መሆን ይኖርባቸዋል። ብቁነቱን ለማወቅ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚያቀርበውን ፒሲ ኸልዝ ቼክ የተባለ ፕሮግራም መጠቀም ወይም በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ክፍል መመልከት ይቻላል።

«ቲ.ፒ.ኤም. አልተገኘም» የሚል ምላሽ ሁልጊዜ ክፍሉ የለም ማለት አይደለም። በበርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ክፍሉ እያለ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። በኢንቴል ኮምፒውተሮች ፒ.ቲ.ቲ.፣ በኤ.ኤም.ዲ. ኮምፒውተሮች ደግሞ ኤፍ.ቲ.ፒ.ኤም. በሚል ስም ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ከመወሰን በፊት ይህን ማጣራት ተገቢ ነው። ሆኖም ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ የሚሠራበት ኮምፒውተር ከሆነ ባዮስ ከመነካቱ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ባለ 48 አሃዝ ቁጥር በወረቀት ላይ መያዝ ግዴታ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ፋይሎቹን ማይክሮሶፍትም ቢሆን ሊከፍታቸው አይችልም።

ከሁሉ በፊት ፋይሎችን ማዳን

በዊንዶውስ 10 ላይ እንዳለ የሚደረግ ማሻሻል ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን ባሉበት ይጠብቃል። ፎርማት ተደርጎ የሚጫን አዲስ ዊንዶውስ ግን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። በጥገና ሱቆች ሁለቱም «ዊንዶውስ መጫን» ስለሚባሉ ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ከማስረከቡ በፊት የትኛው እንደሚደረግ በግልጽ መጠየቅ አለበት። የትኛውም ቢሆን የትምህርት ማስረጃ፣ የውል ሰነድ፣ የግብር መረጃና የቤተሰብ ፎቶግራፍ አስቀድሞ ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ ይኖርበታል። የተገለበጠው ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ መታየትም አለበት፤ ያልተሞከረ ቅጂ አለ ተብሎ አይታመንም።

የአማርኛ ሰነዶች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ የተጻፈበት ፎንት በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ግን የቆየን ፎንት ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ያለውን የፎንት ክፍል ከሰነዶቹ ጋር አብሮ መገልበጥ፣ አስፈላጊ የሆኑትን ሰነዶችም በነባሩ ኮምፒውተር ላይ እያሉ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. መለወጥ ይበጃል። በዩኒኮድ ለተጻፉት ይህ ስጋት የለም። በኒያላ ፎንት የተዘጋጀ ሰነድ በአዲሱ ስርዓት መልኩ ቢለወጥ ኒያላ በ«ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ከሚገኙት ተጨማሪ የኢትዮጵያ ፎንቶች ጋር በነፃ ይወርዳል።

መጫንና ወደ ኋላ መመለስ

ማሻሻያው ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀሙ ወጪው ቀላል አይደለም። መጫኑ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ስርዓቱ ሊበላሽ ስለሚችል ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ ከቻርጀር ጋር እንደተያያዘ፣ ዴስክቶፕ ደግሞ በዩ.ፒ.ኤስ. ታግዞ ቢጫን ይመረጣል። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው ማሻሻያው ነፃ ነው። ፋይሉ መወሰድ ያለበት ከ«ዊንዶውስ አፕዴት» ወይም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ እንጂ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ አይደለም።

አዲሱ ስርዓት ካልተስማማ ከተጫነ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ በ«ሪከቨሪ» ክፍል በኩል ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። በእነዚህ ቀናት ፕሪንተሩን፣ ስካነሩንና የሂሳብ ፕሮግራሙን መሞከር ያሻል፤ ከ10 ቀን በኋላ የቀድሞው ስርዓት ፋይሎች ይሰረዛሉ።

ብቁ ያልሆኑ ኮምፒውተሮች

መስፈርቱን በዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11 መጫን የሚቻል ቢሆንም ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም። ዊንዶውስ 10 ላይ የሚቆዩ ግለሰቦች በማይክሮሶፍት አካውንት በመመዝገብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ መውሰድ ይችላሉ። ሥራቸው በአመዛኙ በብራውዘር የሚከናወን ከሆነ እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ስርዓተ ክወናም ያገለግላቸዋል፤ ሁለቱም አማርኛ ይጽፋሉ።

እስካሁን በዊንዶውስ 7 የሚገለገሉ ዜጎች ደግሞ የክሮም ብራውዘር በዚያ ስርዓት ላይ በቁጥር 109 የቆመ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። አንዳንድ የመንግሥት የኦንላይን አገልግሎት ቅጾች አልከፈት ወይም አልላክ ቢሏቸው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ስለሚችል የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሳያልፍ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ መሞከር ይኖርባቸዋል።