ጤና አዳም
የጓሮ ቁጥቋጦ፣ በማሰሮ የተተከለ

በእስራኤል የሚገኘውን ኤን ጋኒምን በ1908 እ.አ.አ. የቆረቆሩት ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ሠራተኞች ናቸው። በዚያ አገር ደጃፍ የሚያጌጥበት ሊላክ ብርዱን ካልጠገበ አያብብም፤ የዚህ አካባቢ ሙቀት አይስማማውም። ጤና አዳም ግን እዚህ ባዳ አይደለም፤ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በዱርም ይበቅላል።

በ1984 እና በ1991 እ.አ.አ. ዘመቻዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ለመጡ ቤተሰቦች የታወቀ ተክል ነው። ቅጠሉ ትኩስ ቡና ውስጥ ጣል ይደረጋል፤ መዓዛው ከሲኒው ቀድሞ ይደርሳል። ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይፈጫል፤ ሆድ ቁርጠት ሲነሣም እናቶች መጀመሪያ የሚያስቡት እሱን ነው። ነፍሰ ጡር ግን በመድኃኒትነት አትውሰደው። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሳይነኩ ያሽትቱት።