ሳይቃጠል በቅጠል፦ የኦክ ዛፎችና የአንዲት ጢንዚዛ ታሪክ

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ጤነኛ ይመስሉ የነበሩ የኦክ ዛፎች በድንገት ይጠወልጉ ጀመር። ኦክ በአማርኛ ባሉጥ የምንለው ነው። ቀይ ኦክ የሚባለው ወገን አንዴ ከታመመ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል።

አሜሪካኖች የደነገጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1904 ኒውዮርክ ላይ የታየ ሌላ የፈንገስ በሽታ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የቼስትነት ዛፎችን ጨርሷል። አሁን ተራው የኦክ ሆነ?

በ1944 የገዳዩ ማንነት ታወቀ፤ ይህም ፈንገስ ነበር። ግን ፈንገስ ክንፍ የለውም። ከዛፍ ዛፍ ማን አደረሰው?

አንዱ መንገድ ከመሬት በታች ነው፤ የጎረቤታሞች ዛፎች ሥር ይጋጠማል፣ በሽታውም በዚያ ይሻገራል። ሩቅ የሚያደርሱት ግን የዛፍ ፈሳሽ የሚመገቡ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ናቸው። ከዋነኞቹ አንዷ ኮሎፕተረስ ትሩንካተስ ትባላለች፤ ርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፈንገሱ በሞተው ዛፍ ቅርፊት ሥር የፈላ ፍሬ የሚመስል ሽታ ያወጣል። ጢንዚዛዋ ሽታውን ተከትላ ትመጣለች፣ የፈንገሱን ዘር በሰውነቷ ይዛ ትወጣለች።

ዋናው ነጥብ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ይህች ጢንዚዛ የጤነኛ ኦክን ቅርፊት በስታ አትገባም። የምትፈልገው ትኩስ ቁስል ነው። ቁስሉን ማዕበል ሊፈጥረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሰው መጋዝ፣ የመንገድና የቤት ግንባታ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ጢንዚዛ ማሳደድ አልሆነም። በሚኒሶታ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ኦክ አትከርክሙ ይባላል። የተቆረጠው ቦታ ወዲያው ቀለም ይቀባል። በታመመውና በጤነኛው መካከል ቦይ ተቆፍሮ ሥሩ ይቆረጣል። የታመመ ማገዶም ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ይህ ሁሉ እየታወቀም በሽታው ቴክሳስን ክፉኛ ጎድቷል፤ በ2023 ደግሞ ድንበር ተሻግሮ በካናዳ ናያግራ ፎልስ ተገኝቷል። ምክሩ ርካሽ ነው፤ የሚጠይቀው ጥቂት ወራት መታገስ ብቻ ነው። የደረቀ ትልቅ ዛፍ ማስቆረጥ ግን ውድ ነው፣ የሚተካውም በአንድ ሰው ዕድሜ አያድግም።

ጢንዚዛዋ በተከፈተ በር ገባች። በሩን የከፈተው ግን መጋዝ የያዘው እጅ ነው።