ይድረስ የሚለው ቃል

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ፣ ለደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) የሚላከው ደብዳቤ «ይድረስ» የሚለውን ቃል ከላኪውና ከተቀባዩ ስም ጋራ ያስቀድም ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ዩዝኔት የተባለው የዜና መረብ ሲመሠረት፣ ስቲቭ ቤሎቪን የተባለ ተማሪ ለኮምፒዩተር በጻፈው የትእዛዝ ጽሑፍ እንዲሁ ሆነ። መልእክቱ የላኪውን ስም በራስጌው ይዞ፣ በስልክ መስመር ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ይተላለፍ ነበር። ነገር ግን ጊዜው ሲያልፍ ይደመሰሳል። ከ1973 እስከ 1983 ዓ.ም. የተጻፈውን ሄንሪ ስፔንሰር በቶሮንቶ በማግኔት ክር ባያኖር ኖሮ እጅግ ብዙው በጠፋ ነበር።

የወለጋም ደብዳቤዎች በነቀምቴ ስለ ተጠበቁ ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪውልዚ ሰብስበው አሳተሟቸው። እንግዲህ መላክ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለትውልድ የሚያደርሰው ግን ተቀብሎ የሚያኖር መዝገብ ቤት መሆኑን ልብ በሉ።