በሙዚቃ ቤት የሚሠሩ የድምፅ ባለሙያዎች የመስማት ጉዳት

ምንነቱ

ከፍተኛ ድምፅ በተደጋጋሚ ወይም ለረጅም ሰዓት ጆሮ ላይ ሲደርስ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ይጎዳሉ። በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 16,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት አሉ። አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ስለዚህ ጉዳቱ መከላከል እንጂ መመለስ አይቻልም።

በምሽት ክበብ ወይም በባህል ቤት ሚክሰር ላይ የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ (ሳውንድማን) ለዚህ ችግር በጣም ተጋላጭ ነው። ታዳሚው አንድ ምሽት ተዝናንቶ ይሄዳል፤ ባለሙያው ግን በየምሽቱ እዚያው ነው።

አነስተኛ ቤት ለምን የባሰ ይሆናል?

• ከበሮው (ድራሙ) ያለ ማይክም ቢሆን ጠባብ ክፍልን ይሞላል። ድምፃዊው እንዲሰማ ሌላው ሁሉ ከሱ በላይ ይነሣል።
• ድምፁ ከግድግዳና ከጣሪያ እየተመለሰ ስለሚደራረብ፣ ራቅ ብሎ መቆም የሚሰጠው ጥቅም ያነሰ ነው።
• ሚክሰሩ ብዙ ጊዜ ከሞንታርቦው አጠገብ ይቀመጣል።
• የማይክ ድንገተኛ ጩኸት (ፊድባክ) እና በኼድፎን ጮክ አድርጎ ማዳመጥ ተጨማሪ ጫና ናቸው።

ምን ያህል ድምፅ፣ ለስንት ሰዓት?

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው የቀን ገደብ የሚከተለው ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

• 85 ዴሲቤል፦ 8 ሰዓት
• 91 ዴሲቤል፦ 2 ሰዓት
• 94 ዴሲቤል፦ 1 ሰዓት
• 100 ዴሲቤል፦ 15 ደቂቃ

ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የሚሠራ ሰው 6 ሰዓት ጩኸት ውስጥ ይቆያል። ድምፁ 100 ዴሲቤል ከሆነ፣ የቀኑ ገደብ ገና በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ያልቃል።

የደከመ ጆሮ ያሳስታል

ከፍተኛ ድምፅ ከሰሙ በኋላ ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል። በመጀመሪያ የሚቀንሱት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ጉድለቱ ከመሣሪያው ይመስለውና ድምፁን ይጨምራል፤ በዚህም ጆሮው ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ በዝግጅቱ መሐል በጆሮዎ ብቻ አይፍረዱ። በሳውንድ ቼክ ጊዜ የነበረውን ልክ ይያዙና በድምፅ መለኪያ ያመሳክሩ። የስልክ መተግበሪያም ግምታዊ ልክ ይሰጣል።

ምልክቶች

• ከሥራ በኋላ ጆሮ መጮህ ወይም መደፈን
• የሰው ድምፅ እየተሰማ ቃሉ አለመለየት፤ በተለይ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉባቸው ቃላት
• ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ጨዋታ መከታተል አለመቻል
• ተራ ድምፅ (የሳህን መጋጨት፣ የልጅ ጩኸት) ማሳመም
• አንድን ድምፅ ሁለቱ ጆሮዎች በተለያየ ቃና መስማት

ጠዋት ላይ ጩኸቱ ጠፋ ማለት ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም።

በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ

በአንድ ወይም በሁለቱም ጆሮ መስማት በድንገት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቀነሰ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ። «ይተወኛል» ብለው አይጠብቁ፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ማዞር፣ ከጆሮ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ የማያቋርጥ ጩኸት ካለም ይመርመሩ። ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር ጆሮዎ ውስጥ አይጨምሩ።

ምርመራ እና ሕክምና

የመስማት ምርመራ በየዓመቱ ቢደረግ መልካም ነው። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ይራቁ፤ አለበለዚያ የደከመ ጆሮ ውጤቱን ያዛባል። የጩኸት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በ4,000 ኸርትዝ አካባቢ ይታያል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጆሮን ስለሚጎዱ፣ ሥራዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

የተጎዳውን ሕዋስ የሚመልስ መድኃኒት የለም። የመስሚያ መሣሪያ ግን ንግግርን ለመስማት ይረዳል። ለጆሮ ጩኸት ደግሞ የምክር ሕክምና እና በፀጥታ ሰዓት ለስላሳ ድምፅ መክፈት ጭንቀቱንና የእንቅልፍ ማጣቱን ያቀልላሉ።

መከላከያ

• ለሙዚቀኞች የተሠራ የጆሮ መሰኪያ ይጠቀሙ። ተራው የስፖንጅ መሰኪያ ቀጫጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚያፍን ለሚክስ አይመችም፤ የሙዚቀኞቹ ግን ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። በደንብ የገባ ባለ 15 ዴሲቤል መሰኪያ 100 ዴሲቤሉን ወደ 85 ያወርዳል።
• ጥጥ ወይም ሶፍት በቂ መከላከያ አይደለም።
• መሰኪያውን ከሳውንድ ቼክ ጀምረው ያድርጉ፤ ጆሮዎ ይለምደዋል።
• በመጀመሪያ የመድረኩን ድምፅ ይቀንሱ። ሞንታርቦውን ከሚክሰሩ ያርቁ፤ ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ።
• በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ይውጡ። ወደ ቤት ሲመለሱ ኼድፎን አይጠቀሙ።

ለቤተሰብ

ችግሩን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ቴሌቪዥን ከፍ ማድረግ፣ «ምን አልሽ?» ማብዛት፣ ከጨዋታ መገለል ኩርፊያ ወይም ንቀት ላይሆን ይችላል። ከሌላ ክፍል ሆነው አይጣሩ፤ ፊት ለፊት ሆነው፣ ሳይጮኹ፣ ረጋ ብለው ይናገሩ። እንጀራው በጆሮው ስለሆነ «ሥራዬን አጣለሁ» ብሎ ችግሩን ሊደብቅ ይችላል። ቀድሞ የተመረመረ ሰው ግን የቀረውን መስማት ጠብቆ በሙያው የመቆየት ዕድሉ ሰፊ መሆኑን ይንገሩት፤ ለምርመራም አብረውት ይሂዱ።