አጥንት ተመጋቢው የስሜን ተራሮች አሞራ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገደሎች የሚኖረው ጢማሙ ጥንብ አንሳ ከሌሎች አሞራዎች የሚለየው አብዛኛው ምግቡ አጥንት በመሆኑ ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 2 ነጥብ 8 ሜትር ይደርሳሉ።

ትናንሽ አጥንቶችን እንዳሉ ይውጣል። ትላልቆቹን በእግሩ ጨብጦ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ዐለት ላይ ይለቃቸዋል፤ ካልተሰበሩም ደጋግሞ ይጥላቸዋል። የጨጓራው ኃይለኛ አሲድ አጥንቱን ያሟሟዋል።

በደጋው ከብት የሚታረድበት ሥፍራና የአጥንት መጣያ ለአሞራው ማዕድ ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰው አደን ምክንያት ጠፍቶ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ በሰው እንክብካቤ የተፈለፈሉ ጫጩቶች እየተለቀቁ እንዲመለስ ተደርጓል።

ለአሞራው ትልቅ ስጋት ከሆኑት አንዱ መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ አሞራውንም ይገድላል። ጥንዶቹ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚያሳድጉት አንድ ጫጩት ብቻ በመሆኑ፣ የሞተው በቀላሉ አይተካም። አጥንቱን ከመርዝ መጠበቅ አሞራውን መጠበቅ ነው።