የሰፈር እንስሳትን ከግቢና ከጓሮ አትክልት እንዴት እናርቅ?

ትንሽም ብትሆን ጓሮ ያለው ሰው ጠላቱ ድርቅና ተባይ ብቻ አይደለም፡፡ ሌሊት በበር ሥር ሾልኮ የሚገባ ውሻ፣ በተኮተኮተ መደብ ላይ የምትጸዳዳ ድመት፣ የተተከለ ችግኝ እየጫረች የምትነቅል ዶሮ፣ አጥሩን በሁለት እግሯ ተደግፋ ጎመን የምትቀነጥስ ፍየል ሁሉ አሉበት፡፡ እኔም ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና በሶብላ የማፈራርቅባት ጠባብ ጓሮ አለችኝ፡፡ ከእነዚህ ያልተጠሩ እንግዶች ጋር ዓመታት ስታገል ያየሁትንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባብያን ይጠቅም ዘንድ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ፡፡

ጉዳዩ የጎመን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላስጨነቀ ነበር፡፡ ነገር ግን ግቢ የገባ ባለቤት አልባ ውሻ ሕፃን ሊነክስ ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፡፡ በሌላ በኩል በአንዲት ዶሮ ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤታሞችን አውቃለሁ፡፡ ስለዚህ ነገሩን በዘዴ መያዝ ይገባል፡፡

በየት ነው የሚገቡት?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው አጥር ወደ ማስረዘም ነው፡፡ ይሁን እንጂ እንስሳው በላይ ሳይሆን በታች የሚገባ ከሆነ የተጨመረው ቆርቆሮ ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው፡፡ ማታ ማታ በበሩ ሥር፣ በጎርፍ መውረጃው ቀዳዳና በአጥሩ ጥግ ላይ ስስ አድርገው አመድ ይነስንሱ፡፡ ጠዋት የሚታየው ኮቴ ማን እንደገባና በየት እንደገባ ይነግርዎታል፡፡ የውሻ ዱካ የጥፍር ምልክት ያሳያል፤ ድመት ግን ስትራመድ ጥፍሯን ስለምትሰበስብ የጥፍር ምልክት አይታይባትም፡፡

የጎርፍ መውረጃውን ቀዳዳ በድንጋይ መድፈን ክረምት ሲገባ ግቢውን ኩሬ ያደርገዋል፡፡ ብረት በያጅ ዘንድ ሄደው በልኩ ፍርግርግ ቢያሠሩ ውኃው ያልፋል፣ ውሻው ይቀራል፡፡ በዝናብ ወራት ግን ቆሻሻ እንዳይዘጋው በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል፡፡ ከብረት በሩ ሥር ያለውን ክፍተት ደግሞ በላሜራ ቁራጭ ወይም በአሮጌ ጎማ ቅዳጅ መዝጋት ይቻላል፡፡

ምን ፍለጋ ይመጣሉ?

እንስሳ ያለ ምክንያት አይመላለስም፡፡ ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ ወይም መጸዳጃ ፍለጋ ነው የሚመጣው፡፡ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ በየጥጉ የተደፋ የምግብ ትራፊ፣ አጥንትና ሥጋ የተቀላቀለበት የብስባሽ ጉድጓድ ለውሻና ለድመት ግብዣ ነው፡፡ ብስባሽ የሚያዘጋጁ ከሆነ የአትክልት ልጣጭ፣ ቅጠልና የቡና አተላ ብቻ ይጨምሩ፤ ላዩንም በአፈር ይሸፍኑ፡፡ ምክንያቱ ካልተወገደ አንዱ ቢባረር ሌላው ይተካል፡፡

በተለይ የበዓል ሰሞን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ በየቤቱ በግ ሲታረድ የውስጥ ዕቃውን ወደ ውጭ መወርወር የተለመደ ነው፡፡ ይህ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ከመሰብሰቡ በላይ የጤና ጠንቅ አለው፡፡ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት ጥሬውን የበላ ውሻ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ዓይነት ትል ያፈራል፡፡ የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በአፈርና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ሊገባ፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ተመሳሳይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሊያስከትል ይችላል፡፡ መፍትሔው እንዲህ ያለውን ብልት ለውሻ አለመስጠት፣ ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው፡፡

ውሻን ለመከላከል

ለአብዛኛው ውሻ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 1 ሜትር ከ80 የሚደርስ አጥር በቂ ነው፡፡ የሽቦ አጥር ከሆነ ውሻ ከሥሩ ስለሚቆፍር የሽቦ መረቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መቅበር፣ ካልሆነም ወደ ውጭ አጥፎ መሬት ላይ ማንጠፍና ድንጋይ መጫን ይበጃል፡፡ ውሻ የሸናበት ቦታ ላይ ሽታውን ፍለጋ ስለሚመለስ ስፍራውን በሳሙና አጥቦ አቼቶ በተቀላቀለበት ውኃ ማለቅለቅ ጥሩ ነው፡፡ በረኪና ግን አይድፉበት፡፡ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ ጎጂ የሆነ ጋዝ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋርም ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፡፡

ድመትን ለመከላከል

እውነቱን ለመናገር ድመትን በአጥር ማስቀረት አይቻልም ቢባል ይቀላል፡፡ ስለዚህ የሚጠበቀው ግቢው ሳይሆን መደቡ ነው፡፡ ድመት የምትመርጠው ደረቅና የላላ አፈር ነው፤ ለዚህም ነው ገና ዘር የተዘራበት መደብ ተመራጭ መጸዳጃዋ የሚሆነው፡፡ የዶሮ ሽቦ በመደቡ ላይ ዘርግተው በድንጋይ ይያዙት፤ ችግኙ በቀዳዳው በኩል ያድጋል፣ ድመቷ ግን መጫር አትችልም፡፡ ሽቦ መግዛት ያልቻለ ሰው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እያራራቀ ቀጫጭን እንጨት ቢተክል፣ ወይም መደቡን በቆራረጠው ጭራሮ ቢሸፍን ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል፡፡ አፈሩን ርጥብ ማድረግም ይረዳል፡፡

በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍና በተለይ ለፅንስ አደገኛ የሆነ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፡፡ ስለሆነም ነፍሰ ጡር ሴት ድመት የምትመላለስበትን መደብ ያለ ጓንት ባትነካ፣ ከተቻለም ሥራውን ለሌላ ሰው ብትተው ይመከራል፡፡ ሰላጣና ጎመንም በደንብ ታጥቦ ይበላ፡፡

ዶሮ፣ ፍየልና ከብት

ዶሮ የምትጎዳው ችግኝ ሥር እስኪሰድ ድረስ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፡፡ በዚያ ጊዜ መደቡን በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ቅስት ላይ በተዘረጋ መረብ ወይም ያረጀ ስስ መጋረጃ መሸፈን ይበቃል፡፡ የዶሮዋ ባለቤት ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ የአንዱን ክንፏን ረጃጅም ላባ ጫፍ መቁረጥ አጥር እንዳትዘል ያደርጋታል፡፡ አያማትም፤ ላባው ሲቀየር ግን እንደገና መቆረጥ አለበት፡፡ ገና በማደግ ላይ ያለና ደም ያለበት ላባ እንዳይቆረጥ ብቻ መጠንቀቅ ነው፡፡

ፍየል ሌላ ጉድ ናት፡፡ በሁለት እግሯ ስለምትቆም አትክልቱን ከአጥሩ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቆ መትከል ያስፈልጋል፡፡ ለችግኝ የሚያገለግል የቆየ የገበሬዎች ዘዴም አለ፡- የከብት እበት በውኃ በጥብጦ ቅጠሉንና ግንዱን መቀባት ወይም መርጨት፡፡ ከብትም ሆነ ፍየል በእበት የተለወሰ ቅጠል መብላት አይወዱም፡፡ ዝናብ ስለሚያጥበው ግን መደጋገም ይጠይቃል፡፡ ለሰው ምግብ በሚሆን ቅጠል ላይ ፈጽሞ መቀባት የለበትም፤ ለዛፍና ለአጥር ችግኝ ብቻ ነው፡፡

ዘላቂ መፍትሔ ለሚፈልግ ሰው ሕያው አጥር የሚያህል የለም፡፡ አጋምና ቀጋ እሾሃቸው ከብትም ፍየልም ያስቆማል፤ ፍሬያቸውም ይበላል፡፡ ክረምት ሲገባ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ በሁለት ረድፍ ቢተክሏቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጋጠማሉ፡፡ እስከዚያው የደረቀ የግራር እሾህ ይከልላቸዋል፡፡ ቅንጭብም ቶሎ ይይዛል፣ እንስሳም አይደፍረውም፤ ነገር ግን ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ስለሚጎዳ ሕፃናት ባሉበት ግቢ አልመክረውም፡፡

ጅብ በሚመጣበት ሰፈር

በከተማ ዳርቻ ለምትኖሩ የጅብ ነገር እንግዳ አይደለም፡፡ ጅብን የሚስበው የሞተ እንስሳ፣ የዕርድ ተረፈ ምርትና ውጭ ያደረ በግ ነው፡፡ በግና ፍየል ጣሪያና ጠንካራ መዝጊያ ባለው በረት ይደሩ፡፡ የሞተ ውሻ ወይም አህያ መንገድ ዳር ሲጣል ዝም ብለን የምናልፍ ከሆነ ማታ በራችን ላይ ጅብ ብናገኝ መደነቅ የለብንም፡፡

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

አንደኛ፣ መርዝ፡፡ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ የታለመለትን ውሻ ብቻ አይገድልም፤ የጎረቤትን ውሻ፣ ድመትን፣ ጥንብ አንሳን፣ ከዚያም አልፎ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ሊገድል ይችላል፡፡

ሁለተኛ፣ የመብራት ኃይል መስመር በአጥር ሽቦ ላይ መቀጠል፡፡ ይህ ሰው ይገድላል፤ አድራጊውንም ወህኒ ያስወርዳል፡፡

ሦስተኛ፣ ናፍታሊን፡፡ ለልብስ ሳጥን የተሠራ መርዛማ ነገር ስለሆነ አትክልት መሬት ውስጥ ቦታ የለውም፡፡ ሚጥሚጣ መነስነስም ቢሆን ለአንድ ዝናብ የማይበረክት፣ የእንስሳውንም የራስንም ዓይን የሚያቃጥል ነው፡፡ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በየጥጉ ማስቀመጥ ደግሞ ጉዳት ባይኖረውም ጥቅም የለውም፡፡

ውሻ ቢነክስስ?

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ያስፈልጋል፡፡ በርበሬ፣ የቅጠል ጭማቂም ሆነ ሌላ የሚያቃጥል ነገር አይደረግበት፡፡ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፡፡ በሽታው ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ “ደህና ነኝ” ብሎ መዘናጋት ሕይወት ያስከፍላል፡፡ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከተነከሰ በኋላ በክትባት ካከመው ጀምሮ ይህ ሞት ሊቀር የሚችል ሞት ነው፡፡ ውሻው ከተገኘ ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን እንዲታይ ማድረግ ለሐኪሙ ይረዳዋል፤ የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን የዚህን ውጤት መጠበቅ የለበትም፡፡

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን በሰው ላይ ከሚያመጡት መካከል እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ውሻ ነው፡፡ መተላለፉን ለመግታትም ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶ መከተብ አለባቸው፡፡ ጎረቤቴ ውሻውን አስከተበ ማለት ልጄን ጠበቀልኝ ማለት ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም፡፡ ሕጉ በሌላ በኩል በመሬቱ ላይ ጉዳት እየደረሰበት ያለ ባለይዞታ ለካሣው መያዣ እንዲሆነው እንስሳውን እንዲይዝ ይፈቅድለታል፤ የያዘ ሰው ግን ለባለቤቱ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፡፡ ስለዚህ የገባችውን ፍየል ማሰር ይቻላል፤ ደብቆ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው፡፡

ያም ሆኖ ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ቢሆን እመርጣለሁ፡፡ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና፡፡ አብዛኛው ሰው እንስሳው ያደረሰውን ጉዳት በዓይኑ አላየም፡፡ “እማማ፣ ዶሮዎ ችግኜን ጨርሳብኛለች፤ ኑና እዩልኝ” ብሎ ቡና እያፈሉ ማሳየት ከመንገድ ላይ ጩኸት ይበልጣል፡፡ የጋራ አጥር ከሆነ ወጪውን ለሁለት መካፈል፣ ባለቤት አልባ ውሾች ከሆኑ ደግሞ ነገሩን በዕድር ስብሰባ አንስቶ በጋራ ከወረዳው ጋር ስለ ክትባትና ስለ ቆሻሻ አነሳስ መነጋገር ይቻላል፡፡ ባለቤቱን ፈርቶ እንስሳውን መደብደብ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ነው፡፡ ውሻው ነገም ይመለሳል፤ ቂሙ ደግሞ ከውሻው ዕድሜ በላይ ይቆያል፡፡

ለማጠቃለል፣ በቅደም ተከተል ቢሄዱ ገንዘብም ጉልበትም ይቆጥባሉ፡፡ መጀመሪያ መግቢያውን ይወቁ፣ ቀጥሎ የሚስበውን ነገር ያስወግዱ፣ ከዚያ መደቡን ይሸፍኑ፣ አጥሩን በመጨረሻ ያጠናክሩ፡፡ የራስዎ ውሻ ካለ ደግሞ ይህን ሳምንት ሳያልፉ ያስከትቡት፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡